ቦሌ፤ አይሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት

በቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ከመስኮቱ አጠገብ ቆመው የሚሳፈሩበትን አይሮፕላን ሲመለከቱ፥ አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ በሆዱ ሥር ሲዞር ያያሉ። ጐንበስ ብሎ ጎማውን ያያል፤ ቀና ብሎ ክንፉን ይመረምራል፤ ወደ ሞተሩ አፍም ያጮልቃል። ልብዎ አስቀድሞ ፈራ ተባ ካለ «ምን አግኝቶ ይሆን?» ማለትዎ አይቀርም። ሰውዬው ግን ከአብራሪዎቹ አንዱ ነው፤ ከእያንዳንዱ በረራ በፊት የሚደረገውን ዙር እየዞረ ነው።

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስፍራ ስለ ሆነ አየሩ የሳሳ ነው። በሳሳ አየር የሞተር ጉልበት ይቀንሳል፤ ክንፍም ለመነሣት የበለጠ ፍጥነት ይሻል። ስለዚህ አይሮፕላኑ ረጅም መንገድ ቢሮጥ «ሊነሣ አቃተው» ብለው አይጨነቁ። ማኰብኰቢያው 3,800 ሜትር ያህል እንዲረዝም ያስፈለገበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የልደታው አሮጌ ሜዳ ለጄት አልበቃ ስላለ ቦሌ ተሠራ፤ የአየር መንገዱ የመጀመሪያ ጄቶች የሆኑት ቦይንግ 720ዎችም በ1955 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። ከተነሡ በኋላ ከእግርዎ በታች «ጓ» የሚለው ድምፅ ጎማው ገብቶ መዝጊያው ሲገጥም የሚሰማ ነው። የክንፉ ጫፍ ወደ ላይ ቢለመጥም፥ እንዲለመጥ ሆኖ ተሠርቷል።

በዚያው በቦሌ ታላላቅ የጥገና አዳራሾች አሉ። አየር መንገዱ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ ሥራውን በብዛት የያዙት ቲ ደብልዩ ኤ ያመጣቸው አሜሪካውያን ነበሩ። ዛሬ መካኒኮቹ በአየር መንገዱ በራሱ ትምህርት ቤት ይሠለጥናሉ፤ የሌሎች አፍሪካ አገሮች አይሮፕላኖችም ለጥገና ወደዚህ ይመጣሉ። በከባዱ ምርመራ ጊዜ ወንበሩ ይነቀላል፤ ወለሉ ይገለጣል፤ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ በመሣሪያ ይፈለጋል። መፍቻው ሁሉ በቍጥር ይወጣል፥ በቍጥር ይመለሳል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚባለው ግን ፊርማው ነው። እርስዎ የመሥሪያ ቤት ሰው እንደ ሆኑ፥ ደብዳቤው ሳይነበብ ከግርጌው የሚጫር ፊርማ እንዳለ አይጠፋዎትም። እዚህ ሥራውን የሠራው መካኒክ ስሙ ከመዝገብ ይገባል፤ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ካልፈረመ አይሮፕላኑ አይነሣም፤ አደጋ ሊያስከትል የሚችለውን ሥራ ደግሞ ሌላ ሰው በራሱ ዓይን አይቶ ይፈርምበታል። «በቴክኒክ ምክንያት በረራው ዘግይቷል» ሲባል መንገደኛው ሁሉ ያጕረመርማል። እኔስ ደስ ይለኛል፤ አንድ ሰው «አልፈርምም» ብሏል ማለት ነውና።

ይሁን እንጂ ሁሉም ነገር በጥገናው አዳራሽ አያልቅም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ማለዳ ወደ ናይሮቢ የተነሣው ቦይንግ 737 ማክስ ስድስት ደቂቃ ያህል በርሮ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ በውስጡ የነበሩት 157 ሰዎች በሙሉ አለቁ። አይሮፕላኑ ከፋብሪካ ከመጣ ገና አራት ወሩ ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት 19 ቀን በኢንዶኔዥያ የዚሁ ዓይነት አይሮፕላን 189 ሰዎች ይዞ ከባሕር ገብቶ ነበር። በሁለቱም ላይ ከነፋሱ ጋር ያለውን ማዕዘን የሚለካ አንድ መሣሪያ የተሳሳተ ምልክት ሰጠ፤ ኮምፒዩተሩም ያንኑ አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ። ከመጀመሪያው አደጋ በፊት የዚህ ሥርዓት ነገር በአብራሪዎቹ መመሪያ መጽሐፍ አልተገለጠም ነበር። እንግዲህ ስሕተቱ የተጀመረው ንድፉ በወጣበትና በአሜሪካ ፈቃድ በተሰጠበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ያንን በመስኮት ቆሞ ማን ያየዋል? አብራሪውም በእጅ ባትሪው አያገኘውም።

ማክስ በዓለም ሁሉ ታግዶ ከተሻሻለ በኋላ፥ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. መልሶ ማብረር ጀመረ። እርስዎ የተሳፈሩበት ምን ዓይነት እንደ ሆነ ማወቅ ቢሹ፥ ከፊትዎ ባለው የወንበር ኪስ ውስጥ የሚገኘው ካርድ ይነግርዎታል፤ አስተናጋጇንም መጠየቅ ነውር የለበትም። ካርዱን ካነሡ አይቀር፥ የመውጫው በር ከወንበርዎ ስንት ረድፍ እንደሚርቅ ይቍጠሩ።