የዜርማት ገመድ

በስዊስ አገር ዜርማት የምትባል መኪና የማይገባባት ከተማ አለች ሲሉኝ ድኻ መንደር መስላኝ ነበር። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ባለጠጋው መኪናውን ከታች፥ ቴሽ በምትባለው መንደር አቁሞ 12 ደቂቃ በባቡር ይወጣል። ከጣቢያው ወጥቼ ጸጥታውን ሳደንቅ፥ ሣጥን የመሰለች የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ኮሽ ሳትል ከኋላዬ መጥታ ልትገጨኝ ነበር። የተከለከለው ለካ ጭሱና ጩኸቱ ኖሯል!

በበረዶው ላይ በስኪ ለመንሸራተት ሞክሬ ስንት ጊዜ እንደ ወደቅሁ ለወዳጆቼ አልናገርም። በማግሥቱ ጉልበቴ ስላበጠ ወደ ቤተ መዘክሩ ገባሁ፤ እዚያም አንድ የተበጠሰ ቀጭን ገመድ አየሁ።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1865 ዓ.ም. ሰባት ሰዎች 4,478 ሜትር ከፍታ ያለውን የማተርሆርንን ጫፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ረገጡ። ሲወርዱ አንዱን አዳለጠው፤ ገመዱ ተበጠሰና አራቱ ገደል ገቡ። የተረፉት እንግሊዛዊው ዊምፐር፥ የአገሩ ተወላጅ መንገድ መሪ ፔተር ታውግቫልደርና ልጁ ናቸው። ወዲያው ‹‹አባትዬው ነፍሱን ለማዳን ገመዱን ቆረጠው›› ተብሎ ታማ። መርማሪዎች ነጻ አወጡት፤ ሐሜቱ ግን አልለቀቀውም። ዊምፐር ገመዱ እንዳልተቆረጠ እያወቀ፥ ሰውዬው ደካማውን ገመድ ሆን ብሎ መርጦ ይሆናል የሚል ጥርጣሬ በመጽሐፉ አስገባ። ብዕር ያለው እርሱ ነበርና ዓለም እርሱን አነበበ። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝና ይህ ከጉልበቴ ይልቅ አመመኝ።

ስወጣ አንድ መንገድ መሪ ገመዱን በትከሻው አንግቶ ከሁለት እንግዶች ፊት ይሄድ ነበር። መኪና የለምና የጫማው ኮቴ እስከ መታጠፊያው ድረስ ተሰማኝ።