የልጁ ድርሻ

 

አባቴ የደርግ ዘመን መደበኛ ወታደር ነበር። ከደመወዙ ከፊሉን እናቴ ቆቦ ላይ በውክልና ትቀበል ነበር። በ1982 መንገዱ በጦርነት ሲዘጋ ውክልናው ቆመ። በግንቦት 1983 ደርግ ሲወድቅ ደግሞ ሠራዊቱ ራሱ ተበተነ፤ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ወታደር ወደየቀየው ተመለሰ። አባቴም ባዶ እጁን መጣ።

ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። ቀን የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ማታ መድረሳ በምማርበት ጊዜ ኡስታዛችን የኸሊፋ ዑመርን (ረ.ዐ.) ታሪክ አስተማሩን። ዑመር በ20ኛው ዓመተ ሂጅራ ዲዋን የተባለውን መዝገብ አቋቋሙ፤ የዘማቾችና የቤተሰቦቻቸው ስም ከነድርሻቸው ይጻፍበት ነበር። ለሕፃናት ግን የሚቆረጥላቸው ጡት ከጣሉ በኋላ ነበር። እንደሚተረከው፣ ዑመር አንድ ሌሊት መዲና ያረፉ መንገደኞችን ሲጠብቁ የሕፃን ልቅሶ ሰሙ። እናቲቱን ቢጠይቋት፣ ማንነታቸውን ሳታውቅ፣ ድርሻው ቶሎ እንዲቆረጥለት ያለ ጊዜው ጡት እያስጣለችው መሆኑን ነገረቻቸው። በሱብሒ ሶላት ከለቅሷቸው ብዛት ቂርኣታቸው አልሰማ አለ። ከሶላቱ በኋላ ድርሻው ከውልደት ጀምሮ እንዲሰጥ አወጁ።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት ማሽላ እየለቀመች ነበር። እጇን ከሰፌዱ ላይ አነሳችና፣ «አንተም እኮ ያለ ጊዜህ ነው ጡት የጣልከው» አለችኝ። ውክልናው ሲቀር እኔን ለአያቴ ትታ የሰው ማሽላ ለማጨድ ጎሊና ማዶ ትውል ኖሯል።

ዛሬ መምህር ነኝ። ቆቦ በሐምሌ 2013 እና በነሐሴ 2014 በጦርነት እጅ ስትለውጥ አይቻለሁ። በጥር 2014 ከጸደቀው 122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት 90 ቢሊዮኑ ለመከላከያ ነበር፤ ለ2015 ደግሞ 84 ቢሊዮን ተመደበ። አገር ጠባቂ ያስፈልጋታል፤ ጥይትና ነዳጅም በነፃ አይገኝም። ነገር ግን የወታደር ዝግጁነት ከጓዳው ይጀምራል። በጥር 1966 ነገሌ ቦረና የነበረው ጦር ያመፀው በምግብና በውሃ ችግር ነበር፤ በዚያው ዓመት የተከተለው አብዮት ንጉሡን ከዙፋን አወረደ።

ስለዚህ የበጀት ዜና ስሰማ ከቁጥሩ አስቀድሜ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ወታደሩ ሲቆስል፣ ሲሞት ወይም መንገድ ሲዘጋ የልጁ ድርሻ ይደርሰዋልን?

ይህን የመመለስ ግዴታ የመንግሥት ነው። እኛስ? በየሠፈራችን አባቱ ዘምቶ ያልተመለሰ ልጅ አለ። አባቱ በየትኛው ወገን ተሰለፈ ብለን ሳንጠይቅ በሩን እናንኳኳ። እናቴ ያቺን የውክልና ወረቀት እስከ ዛሬ ሳጥኗ ውስጥ አስቀምጣታለች። ለምን እንደማትጥላት ስጠይቃት፣ «ያንተ ወተት ናት» ትለኛለች።

አላህ የዘማቹንም የቤተሰቡንም ሐቅ ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።