ቤታችንም ይተንፍስ

ቆቦ ቆላ ናት፤ ቀኗ ያቃጥላል፣ ነፋሷ አቧራ ያዝላል። እኛም የሳር ክዳኑን ቤት አፍርሰን ቆርቆሮ ስናለብስ ጎረቤት ሁሉ «አላህ የምትኖሩበት ያድርግላችሁ» ብሎ መረቀን። አቧራው እንዳይገባ የግድግዳውንና የጣሪያውን መገናኛ በጭቃ መረግን፤ ከቆርቆሮው ሥር ማዳበሪያ ሰፍተን ኮርኒስ አደረግን። ወደ መንገድ የሚያየውን አንድ መስኮትም አላፊ አግዳሚው ውስጣችንን እንዳያይ ብለን ዘጋነው። ቤቱ አማረልን፤ አየሩን ግን አላሰብንበትም።

ማታ ማታ በማሽላ አገዳና በኩበት ራት ይሠራል፤ ከዚያ ቡናው በከሰል ይፈላል፣ እጣኑ ይጨሳል። የመጀመሪያ ልጃችን ዓመት ሳይሞላት ሳል ያዛት። ሲጠናባት ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ባለሙያዋ መድኃኒቱን ሰጥታን ስታበቃ «ምግብ የምታበስሉት የት ነው?» ስትል ጠየቀችን። እኛ እርስ በርስ ተያየን። ቤት ገብተን ለእናታችን ስንነግራቸው፦ «እኔስ ምን እላችሁ ነበር! የሳር ቤቱ ጭሱን በክዳኑ ያሾልከው ነበር። ይኸን ግን እንደ ጋን አፍ ደፈናችሁት፤ ጭሱ በየት ይውጣ?» አሉን።

ነገሩ የእኛ ቤት ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2020 በማብሰያ ጭስ በተበከለ የቤት ውስጥ አየር ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። ጭስ ዓይን ስለሚያስለቅስ ይታወቃል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፤ በተዘጋ ቤት የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል።

ታዲያ ምን አደረግን? ሙቅ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ከላይ መውጫ፣ ከታች ደግሞ ንጹሑ አየር የሚገባበት ካልተገኘ ባለበት ይታመቃል። ስለዚህ በጓሮ በኩል አንድ መስኮት አወጣን፤ በትይዩው ግድግዳ ከጣሪያው ሥር ሁለት ቀዳዳ ከፈትን። ከሰው ቁመት በላይ በመሆናቸው ከመንገድ ማንም አያየንም። አገራችን የወባ አገር ናትና በወንፊት ሽቦ ሸፈንናቸው። ማድ ቤቱን ለብቻው ወደ ጓሮ አወጣነው፤ የከሰል ምድጃ ከመኝታ ክፍል እንዳያድርም ተስማማን። በጠራራው ሰዓት መስኮቱን ዘግተን አመሻሽ ላይ ስንከፍተው ቤቱ ይበርዳል፤ ለማራገቢያ የምንከፍለው የመብራት ሂሳብ የለም።

አቧራው ጥቂት ጨምሯል። እናታችን ግን መጥረጊያቸውን አንሥተው «አቧራ ይጠረጋል፤ ከሳንባ የገባን ጭስ ማን ይጠርገዋል?» ይሉናል። ልጃችን አልሐምዱሊላህ አሁን ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ጉንፋን ማንንም አይምርምና አልፎ አልፎ ታስላለች፤ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጠን ትንፋሿን ማዳመጥ ግን ቀርቶልናል።

እናንተም ዛሬ ማታ ቡናው ሲፈላ ቀና ብላችሁ ተመልከቱ። ጭሱ መውጫ አጥቶ ከኮርኒሱ ሥር ከዋለለ፣ ልጆቻችሁ የሚተነፍሱት ያንኑ ነው።