ካርዱን ፎርማት ላድርገው?

ላፕቶፕ የለኝም። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ ሳይሆን ነገሩ ከዚህ ስለሚጀምር ነው። ያለኝ፣ ከውጭ መጥቶ የነበረው የአክስቴ ልጅ ትቶልኝ የሄደው ራስቤሪ ፓይ 3 ነው። ለማታውቁት፣ የባንክ ካርድ የምታክል ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒውተር ነች። ከቤታችን ቴሌቪዥን ጋር አገናኛትና እናቴ ድራማዋን አይታ ስትጨርስ የክፍል ሥራዬን እሠራባታለሁ። ሃርድ ዲስክ የላትም፤ ሲስተሙም የእኔም ፋይል ያለው ጥፍር በምታክል ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው።

ባለፈው ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ከአንዲት የክፍል ጓደኛዬ ጋር የአሥር ደቂቃ የሬዲዮ ፕሮግራም እንድንሠራ ታዘዝን። እኔ የሰፈራችንን አንድ አዛውንት አነጋገርኩ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ማተሚያ ቤት ውስጥ የእርሳስ ፊደል ሲለቅሙ የኖሩ ሰው ነበሩ። የትኛው ፊደል በየትኛው ሳጥን እንደሚቀመጥ ከእጃቸው አልወጣም፤ እያወሩ ጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ይለቅማል። አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ አወሩልኝ። ስልኬ ሞልቶ ስለነበር ቅጂውን ወደ ፓይ አዛወርኩና ከስልኬ አጠፋሁት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እኒያ ሰው አረፉ። ለቅሶ ቤት ልጃቸው ክንዴን ይዘው፣ «የአባዬን ድምፅ ትሰጪኛለሽ አይደል?» አሉኝ። «ነገ አመጣለሁ፣ እትዬ» አልኩ። ነገ ያልኩት ሁለት ሳምንት ሆነ።

በዚህ መሀል ጓደኛዬ ትረካውን ኮሌጅ ውስጥ በኦዳሲቲ ቀርጻ በፍላሽ ሰጠችኝ። የእኔ ኦዳሲቲ አልከፍትም አለ። ለካ እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው 3.0 ጀምሮ ፕሮግራሙ ሥራውን የሚያስቀምጠው በአዲስ ዓይነት ፋይል ነው፤ የእኔ ደግሞ 2.4 ነበር። «አፕዴት አታደርጊም?» ትሉኝ ይሆናል። አደረግኩ፣ ለውጥ የለም! የፓይ ሲስተም የተመሠረተው ዴቢያን ላይ ነው። ዴቢያን አንድ እትም ካወጣ በኋላ በአብዛኛው ስህተትና የደኅንነት ቀዳዳ ይደፍናል እንጂ የፕሮግራሞቹን ቨርዥን አያሳድግም። እንደኔ ላለ ጀማሪ የቀረው ሲስተሙን በሙሉ ከቡልስአይ ወደ ቡክዎርም ማሻገር ነበር። (ስሞቹ ቶይ ስቶሪ ከሚባለው የአኒሜሽን ፊልም የተወሰዱ ናቸው።)

የፓይ ሠሪዎች የሚመክሩት አዲሱን እትም ባዶ ካርድ ላይ እንደ አዲስ መጫን ነው። ሌላ ካርድ መግዣ ስላልነበረኝ አቋራጩን ያዝኩ። ሶፍትዌሩ የሚመጣበትን አድራሻ በያዘው ፋይል ውስጥ «ቡልስአይ» የሚለውን እያጠፋሁ «ቡክዎርም» ብዬ ጻፍኩና ትእዛዙን ሰጠሁ። አውርዶ ጨርሶ መጫን ጀመረ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ።

ሲመለስ ቀይዋ መብራት በራች፤ ካርዱ ሲነበብ ብልጭ ብልጭ የምትለው አረንጓዴዋ ግን ዝም። ቴሌቪዥኑ ጥቁር። እናቴ «አበላሸሽው?» ብላ ተነሣች። እሷ የምትለው ስለ ቴሌቪዥኑ ነው። እኔ ሌሊቱን ሙሉ የማስበው ለእትዬ የምነግራቸውን ነበር።

በማግስቱ ካርዱን ይዤ ወደ ላብራቶሪ ሮጥኩ። ዊንዶውስ ላይ ስሰካው፣ ዲስኩን ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት መደረግ አለበት፣ ላድርገው ወይ የሚል መልእክት መጣ። ኮምፒውተሩ ካለ ምን አውቃለሁ ብዬ ማውሱን ወሰድኩ። የላብራቶሪው ባለሙያ ከኋላዬ፣ «አንቺ ልጅ! እጅሽን አንሺ!» ብለው ጮሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ዊንዶውስ ሊኑክስ ፋይል የሚያደራጅበትን ዘዴ ማንበብ ስለማይችል ካርዱን ያልተዘጋጀ ይቆጥረዋል። እሺ ብዬ ቢሆን ኖሮ የሽማግሌው ድምፅ አብሮ በሄደ ነበር።

ባለሙያው አንድ ኮምፒውተር ኡቡንቱ ካለበት ፍላሽ አስነሥተው ካርዱን ከፈቱት። ሲስተሙ ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ ሆኖ ቀርቷል፤ የእኔ ፎልደር ግን እንዳለ ነው። ሄድፎን አደረግኩ። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «እንግዲህ ልጄ» ሲሉ ሰማሁ። እዚያው ክፍል ውስጥ አለቀስኩ፤ ማንም ያየኝ አይመስለኝም።

ሁለት ፍላሽ ላይ ከገለበጥኩ በኋላ ካርዱን ባዶ አድርጌ ቡክዎርምን ጫንኩበት። ይህን ያህል የፈራሁት ነገር አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ኦዳሲቲ 3.2 የጓደኛዬን ሥራ ከፈተው። ፕሮግራሙን አንድ ቀን አዘግይተን ስላስገባን ነጥብ ተቀነሰብን፤ ጓደኛዬ እስካሁን ታነሳብኛለች። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ደግሞ ትሪክሲ የሚባለው እትም ለፓይ ወጥቷል። እኔም ሁለተኛ ካርድ ገዝቻለሁ።

አንዱን ፍላሽ የዚያኑ ዕለት ማታ ለእትዬ ወሰድኩላቸው። አምስት ደቂቃ ያህል ሰምተው አስቆሙኝ። «የቀረውን ለአርባው፣ ዘመድ ሲሰበሰብ እንሰማዋለን» አሉና ፍላሹን በመሐረባቸው ቋጠሩት።