የቱሊፕ እርሻ በዝናብ ቀን

ከሲያትል ወደ ሰሜን በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ከተጓዛችሁ ስካጊት ሸለቆ ትደርሳላችሁ። አገሩ ሜዳ ነው። አፈሩም ወንዙ ለብዙ ዘመን እየጠረገ ያመጣው ለም ደለል ነው። በኤፕሪል ወር ይህ ሜዳ ቀይ፣ ቢጫና ሐምራዊ ቱሊፕ ይለብሳል። የቱሊፕ ፌስቲቫሉ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን፣ በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር ሰው ይጎበኘዋል።

ፎቶዎቹን አይታችሁ ይሆናል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ከሩቅ በረዶ የለበሰ ተራራ ይታያል። ኤፕሪል ግን በዚያ አካባቢ ዝናብ የማያጣው ወር ነው። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ትኬት ከተቆረጠ በኋላ ሰማዩ ቢጠቁር መሄድ ይሻላል ወይስ መቅረት?

ለእኛ ጥያቄው ቀላል አልነበረም። እናቴ ልትጠይቀን ከአዲስ አበባ መጥታ ሁለት ወር ቆይታለች። ትኬቱ የቅዳሜ ነው፤ እሷ ደግሞ ሰኞ ትሄዳለች። ጉልበቷን ያማታል። ለሌላ ኤፕሪል ተመልሳ ትምጣ አትምጣ ማን ያውቃል? ቅዳሜ ጠዋት የስልኬ ትንበያ ቀኑን ሙሉ ዝናብ አለ። “እማዬ፣ ብንቀርስ? ብርዱ ይጎዳሻል” አልኳት። “ምን ነካህ ልጄ፣ ጨው ነኝ እንዴ የምሟሟው?” አለችና ቦት ጫማ እንድንፈልግላት አዘዘች።

ስንደርስ ያካፋ ነበር። ካፊያ ቀጭን ዝናብ ነው፤ ቀስ ብሎ ያረጥባል። ትንሽ ቆይቶ ዶፍ ወረደ። ዶፍ ጃንጥላ የማይመልሰው ኃይለኛ ዝናብ ነው። ዝናቡ ሲያቆም ደግሞ “አባራ” እንላለን። የስምንት ዓመቷ ልጄ ሦስቱንም ቃላት ያን ቀን ከአያቷ ተማረች፤ ልብሷ እየረጠበ ስለተማረቻቸው እስከ ዛሬ አልረሳቻቸውም።

ልጄን ቅር ያላት አበቦቹ መዘጋታቸው ነበር። “አያቴ፣ ሁሉም ተኝተዋል!” አለች። እውነትም ቱሊፕ ሲሞቀው ይከፈታል፣ ሲበርደው ይዘጋል። አየሩ ሲሞቅ የአበባው ቅጠል የውስጥ ገጽ ፈጥኖ ያድግና ወደ ውጭ ይለጠጣል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ የውጭው ገጽ ይቀድምና ቅጠሉን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል። ቀዝቃዛ አየር የአበባውን ዕድሜም ያረዝማል፤ ሙቀት ሲበዛ ቶሎ ይረግፋል። ስለዚህ ያ ያማረርንበት ብርድ በሚቀጥለው ሳምንት ለሚመጡት ጎብኚዎች አበባውን እያቆየላቸው ነበር።

በደመናው ሥር ቀለሙ ደምቆ ይታይ ነበር። ከዚያ በላይ ደስ ያለኝ ግን ሰው አለመብዛቱ ነው። ፀሐይ በወጣበት ቅዳሜ መንገዱ በመኪና ይሞላል፤ ፎቶ የሚያነሳው ሰው ይጋፋል። ያን ቀን እናቴ ደስ እንዳላት ቀስ ብላ ሄደች፣ ሲደክማት ቆመች፣ ማንም ከኋላ አልገፋትም።

ራቅ ብሎ በሚታየው ማሳ ሠራተኞች ጎንበስ ብለው ያልተከፈቱ ቱሊፖችን እየቆረጡ ያስሩ ነበር። የዝናብ ልብስና የላስቲክ ቦት ጫማ አድርገዋል። ሱቅ የምናየው ቱሊፕ እንዲህ በእንቡጡ የተቆረጠ ነው። እናቴ ቆማ አየቻቸውና ድምጿን ከፍ አድርጋ “በርቱ!” አለች። በአገራችን በሥራ ላይ ያለ ሰው አጠገብ ዝም ተብሎ አይታለፍም፤ “በርቱ” ይባላል። ቃሉን ባያውቁትም አንዱ ቀና ብሎ እጁን አውለበለበላት።

ከዚያ ስለ አገራችን የአበባ እርሻዎች ተነሳ። በሆለታና በዝዋይ አካባቢ ጽጌረዳ በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ይበቅላል፤ ከተቆረጠ በኋላ ቀዝቅዞ በአውሮፕላን ወደ ሆላንድና ወደ ሌሎች አገሮች ይላካል። እዚያም ገና ጎህ ሲቀድ የሚቆርጡ እጆች አሉ፤ አብዛኞቹም የሴቶች ናቸው።

ከስካጊት እርሻዎች ዋነኛው ምርት አበባው ብቻ አይደለም። ሽንኩርት የሚመስለው የቱሊፕ ሥርም ይሸጣል። አበባው ታይቶ ሲያበቃ ገበሬዎቹ ራሱን ይቆርጡታል፤ ይህም ተክሉ ኃይሉን ለሥሩ እንዲያውል ነው። ሥሩ በበጋ ከመሬት ይወጣል፤ በመከር እንደገና ይተከላል። በዓመቱ እንዲያብብ ደግሞ የክረምት ብርድ ሳምንታት ያስፈልጉታል። ያለ ብርድ በደንብ አያብብም።

እናቴ ይህን ስትሰማ “እንደ አደይ አበባ ማለት ነው” አለች። ለልጄም ነገረቻት፦ በኢትዮጵያ ክረምት ማለት የዝናብ ወቅት ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ይዘንባል፣ ጭቃው አያስወጣም። ከዚያ መስከረም ሲጠባ ሜዳው ቢጫ ይሆናል። ለአበባው የምትደሰቺ ከሆነ ዝናቡን አትጥይው አለቻት።

እናንተም በዝናብ የምትሄዱ ከሆነ የላስቲክ ቦት ጫማና ቅያሪ ካልሲ ያዙ። ለመኪናችሁ ወለል ላስቲክ አንጥፉ፤ ጭቃው ተከትሏችሁ ይገባል። ትኩስ ሻይ በፔርሙዝ አትርሱ። ማሳዎቹ በየዓመቱ ቦታ ስለሚቀያየሩ የዘንድሮውን ካርታ ተመልከቱ። ለፎቶ ብላችሁ በመስመሮቹ መካከል አትግቡ፤ እርጥብ አፈር ሲረገጥ ይጠቀጠቃል፣ ተክሉም ይጎዳል።

መብረቅ ወይም ኃይለኛ ነፋስ ካለ ግን ቤት መቀመጥ ይሻላል። ዝናብ ብቻ ከሆነ አብሯችሁ የሚሄደውን ሰው ጠይቁ፣ በተለይ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ከሆነ። ፀሐይ ሌላ ቀን ትወጣለች፤ እንግዳው ግን ያን ጊዜ ላይኖር ይችላል።