የጠቅላይ ግዛቱ ዋንጫ

በየአህጉሩ ተበትናችሁ ለምትገኙ ወንድሞችና እኅቶች ከጆሐንስበርግ የምንጽፍላችሁ ስለ አንድ ቅዳሜ ነው። ዕለቱ በኦገስት ወር ነበር። በዚያ ወር አገራችን በደመናና በጭቃ ተሸፍና ስትውል፣ እዚህ ጠብታ ዝናብ የለም፤ ሰማዩ እንደ መስተዋት የጠራ፣ ብርዱ ግን አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ነው። አምስት ተማሪዎች ሆነን በከተማይቱ ደቡብ ወደሚገኝ አንድ የስፖርት አዳራሽ የሄድነው፣ የጋውቴንግ ጠቅላይ ግዛት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጃገረዶች ለቅርጫት ኳስ ዋንጫ የሚያደርጉትን የመጨረሻ ውድድር ለማየት ነበር። እውነቱን ለመናገር ወደዚያ የወሰደን ኳሱ አልነበረም። የወሰደን አንድ ወረቀት ነው።

ነገሩ የተጀመረው ሐሙስ ማታ፣ ያገራችን ሰዎች እስከ ዛሬ «ጄፒ» በሚሉት ጎዳና ላይ ነው። ቀድሞ የሐኪሞች ክሊኒክ የነበሩ ክፍሎች ዛሬ በብርድ ልብስ፣ በመጋረጃና በልብስ ተሞልተው የወገኖቻችን ሱቆች ሆነዋል። የጎዳናው የአሁን ስም ግን ራሂማ ሙሳ ይባላል። ራሂማ ሙሳ እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 1956 ሃያ ሺህ ያህል ሴቶች በፕሪቶርያ ወደ መንግሥቱ ሕንፃ በተሰለፉ ጊዜ ሰልፉን ከመሩት አራት ሴቶች አንዷ ነበሩ። የሴቶቹ አቤቱታ በይለፍ ወረቀት ላይ ነበር፤ በገዛ አገራቸው ያለ ወረቀት አትንቀሳቀሱ መባላቸውን ተቃውመው ነው የወጡት። እኛ በዚያ ጎዳና ለዓመታት ስንመላለስ፣ እንጀራ ስንበላና ቡና ስንጠጣ፣ ስሙ የማን እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም ነበር።

ከሆሳዕና አካባቢ የመጡ አንድ ባለሱቅ ሲያዩን ጠሩን። «ልጆች፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ እስቲ ይህን አንብቡልኝ» ብለው ሁለት ቅጠል ወረቀት ሰጡን። የመጀመሪያው የልጃቸው ቡድን ለመጨረሻው ውድድር መድረሱን የሚያበሥርና ወላጆች እንዲገኙ የሚጋብዝ ነው። ሁለተኛው ቅጽ ነው። ቡድኑ ቢያሸንፍ ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ሄዶ ለአገር አቀፍ ውድድር ስለሚሰለፍ፣ ወላጅ ፈቃዱን በፊርማው እንዲያረጋግጥና የተማሪዋን የመታወቂያ ቁጥር በተደረደሩት አሥራ ሦስት ሳጥኖች ውስጥ እንዲሞላ ይጠይቃል።

«እዚህ ላይ ምን ልጻፍ?» አሉን ሳጥኖቹን በጣታቸው እያሳዩ።

ልጅቷ የአራት ዓመት ሕፃን ሳለች ነው ከእናቷ ጋር የመጣችው። ያላት ወረቀት በአባቷ ፋይል ሥር የተመዘገበ፣ በየጥቂት ወራት የሚታደስ የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት ነው፤ በላዩ ያለው ቁጥርም ፊደልና አኃዝ የተቀላቀለበት፣ ለዜጎች ከተሰጠው አሥራ ሦስት አኃዝ ጋር ከቶ የማይገጥም ነው። ከእኛ መካከል ሕግ የሚያጠናው ጓደኛችን ወዲያው ማስረዳት ጀመረ። የ1998ቱን የስደተኞች ሕግ ጠቀሰ፤ በ2003 የአገሪቱ የይግባኝ ፍርድ ቤት ጥገኝነት ጠያቂን ከሥራና ከትምህርት በጅምላ ማገድ የሰውን ክብር የሚነካ ነው ብሎ መፍረዱንም ጨመረ። ሰውየው በትዕግሥት ሰምተው፣ «ሕጉን አልጠላሁትም» አሉ። «ነገር ግን ሱቄን ሲሰብሩት ሕጉ በሩ ላይ ቆሞ አላየሁትም።»

የሚናገሩት የኖሩትን ነው። በሜይ 2008 በአሌክሳንድራ የተነሣው በመጤዎች ላይ የተቃጣ ሁከት ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛምቶ ከስልሳ በላይ ሰዎች ሲያልቁ፣ እርሳቸው በጥቁሮች ሠፈር የነበራቸው ሱቅ እስከ መደርደሪያው ተዘረፈ። በሴፕቴምበር 2019 ደግሞ ዘረፋው እዚሁ መሐል ከተማ ድረስ መጣ። ከዚህ ሁሉ የቀሰሙት ትምህርት አጭር ነው፤ ስም በወረቀት ላይ ከወጣ አንድ ቀን ይነበባል። ቅጹን ሳይፈርሙ አጥፈው በኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱት። «ቅዳሜ ግን አብራችሁኝ ኑ፤ ከመምህራኖቿ ጋር የምታነጋግሩኝ እናንተ ናችሁ» አሉን።

ከሱቁ እንደወጣን አንዳችን «ለመሆኑ የልጅቷ ስም ማነው?» ሲል ጠየቀ። አምስታችንም አናውቅም ነበር። በዚያ ሱቅ ስንት ጊዜ ሻይ አቅርባልናለች። በጥናት ክበባችን ስለ ስደተኛው ሕዝብ መብት ሦስት ሰዓት ተከራክረን እናውቃለን፤ የስደተኛውን ልጅ ስም ግን አልጠየቅንም። ይህን የምንጽፈው ግለ ሂስ ለማድረግ ወግ ስለሆነ አይደለም። በዚያ ማታ በብርዱ ውስጥ ስንሄድ ሁላችንም ዝም ብለን ስለነበር ነው።

ቅዳሜ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። ከሶዌቶ፣ ከፕሪቶርያና ከምሥራቁ የማዕድን ከተሞች የመጡ ትምህርት ቤቶች ደጋፊዎች ከበሮና ፊሽካ ይዘው ይዘፍናሉ። አባትየው ሱቅ ከሚደምቅባቸው ቀናት ዋናውን ቅዳሜን ዘግተው፣ የሠርግ ኮታቸውን ለብሰው መጥተዋል። መሐል ላይ ባዶ ወንበር ቢኖርም በሩ አጠገብ መቀመጥን መረጡ። ምክንያቱን አልጠየቅናቸውም።

በዚህ አገር የልጃገረዶች ኳስ ሲባል በመጀመሪያ የሚታሰበው ኔትቦል ነው። የሁለቱ ጨዋታዎች ሥር ግን አንድ ነው። በ1891 ጄምስ ኔይስሚዝ በአሜሪካ፣ በስፕሪንግፊልድ ከተማ ቅርጫት ኳስን ፈጠረ። በሚቀጥለው ዓመት ሴንዳ በረንሰን የምትባል መምህርት ለሴቶች ኮሌጅ ተማሪዎቿ ስትል ደንቡን አሻሻለችው፤ ሜዳውን ለሦስት ከፍላ እያንዳንዷ ተጫዋች ከክፍሏ እንዳትወጣ አደረገች። ሴት ልጅ ብዙ ከሮጠች ትጎዳለች የሚባልበት ዘመን ነበር። በእንግሊዝ አገር ኔትቦል የተወለደው ከዚህ መሰሉ ጥንቃቄ ሲሆን፣ ከእንግሊዝ ግዛት ጋር ተጉዞ የደቡብ አፍሪካን ትምህርት ቤቶች ሞላ። እስከ ዛሬም የኔትቦል ተጫዋች የቦታዋን ፊደል ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ከተመደበላት ክልል ሳትወጣ ትጫወታለች። ልጅቷ በኋላ እንደነገረችን፣ እርሷም በመጀመሪያ የገባችው ኔትቦል ነበር። «ከክልልሽ ወጣሽ እየተባልኩ ሁልጊዜ ፊሽካ ይነፋብኝ ነበር» አለችን እየሳቀች። በቅርጫት ኳስ ግን አምስቱም ተጫዋቾች መላውን ሜዳ ያካልላሉ። እርሷም በቁመት ከሁሉ ታንሳለች፤ ሆኖም ኳሱን ከኋላ እየነጠረች አምጥታ ጨዋታውን የምታቀናብረው እርሷ ናት።

በዕረፍቱ ሰዓት ታሪክ የሚያጠናው ጓደኛችን ስለ 1976 አነሣ። የሴቶች ቅርጫት ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሊምፒክ ጨዋታ የሆነው በዚያ ዓመት በሞንትሪያል ነው፤ ስድስት ቡድኖች ተሰልፈው ሶቪየት ኅብረት ወርቁን ወሰደች። ያ ኦሊምፒክ ከመከፈቱ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ ጁን 16 ቀን፣ የሶዌቶ ተማሪዎች በአፍሪካንስ ቋንቋ አንማርም ብለው ሲሰለፉ በጥይት ተገደሉ። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን በዚያው ሰሞን ደቡብ አፍሪካን እየዞረ ይጫወት ስለነበር፣ አገራችንን ጨምሮ ከሃያ በላይ የአፍሪካ አገሮች ከሞንትሪያል ወጡ። ምሩጽ ይፍጠርም ሳይሮጥ ተመለሰ፤ ሁለቱን ወርቆቹን ለማግኘት እስከ 1980ው የሞስኮ ኦሊምፒክ መጠበቅ ነበረበት።

እኛ ይህን ታሪክ እንደ ውለታ መዝገብ ይዘን መዞር ለምደናል። መጤ በተባልን ቁጥር፣ ማንዴላ በ1962 በኮልፌ ሠልጥነዋል፤ ለልጆቻችሁ ስንል ኦሊምፒክ ትተናል እያልን እንቆጥራለን። በዚያ ቀን ግን የሶዌቶ ልጃገረዶች በአንድ ወገን፣ የሆሳዕናዋ ልጅ ከዙሉና ከሶቶ ጓደኞቿ ጋር በሌላው ወገን ሆነው ሲሯሯጡ ስናይ መዝገቡ ከበደን። ከእነዚያ ልጆች መካከል በ1976 የተወለደች የለችም። ለእርስ በርሳቸው የሚቆጥሩት ውለታ የላቸውም፤ የሚቆጥሩት ነጥብ ብቻ ነው። ከኋላችን የተቀመጡ አንዲት የሶዌቶ እናት ኳስ አቀባይዋን እያሳዩ «የማን ልጅ ናት?» ብለው ጠየቁ። አባትየው በሱቅ በተማሩት ዙሉኛ «የኔ ናት» አሉ። ሴትየዋ ከቦርሳቸው ብርቱካን አውጥተው ሰጧቸው።

ጨዋታው ሊያበቃ አራት ሴኮንድ ሲቀረው 41 ለ40 እየተመሩ ልጅቷ ተጠለፈችና ሁለት የቅጣት ምት አገኘች። ቅርጫቱ ሦስት ሜትር ከአምስት ሳንቲም ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፤ አዳራሹ ያጨበጭባል፣ ያፏጫል። የመጀመሪያውን አገባችው። ሁለተኛው የብረቱን ጠርዝ ነክቶ ወደ ውጭ ወደቀ። በተጨመረው አምስት ደቂቃ 47 ለ44 ተሸነፉ።

እንግዲህ ለመጻፍ የከበደን ነገር እዚህ ላይ ነው። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ አባትየው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «ተመስገን» አሉ ለራሳቸው፣ በዝግታ። ዞር ብለን ስናያቸው ሰምተናቸው እንደሆነ ገባቸውና ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። ልንወቅሳቸው አልቻልንም፤ የእኛም ልብ በዚያች ቅጽበት ቀልሎ ነበርና። ከእንግዲህ ቅጽ የለም፤ ሳጥን የለም፤ የሚነበብ ስም የለም። ልጅቷ መሬት ላይ ተቀምጣ ፊቷን በማሊያዋ ሸፍና ስታለቅስ እኛ ስድስት ትልልቅ ሰዎች እፎይ ብለን ነበር። ፍርሃት ሰውን ዝም እንደሚያሰኝ ከአገራችን ጀምሮ እናውቃለን። የገዛ ልጃችንን ሽንፈት እንደሚያስመኝ ግን ያወቅነው በዚያን ቀን ነው።

ዋንጫው ከተሰጠ በኋላ አንዲት መምህርት ድምፅ ማጉያውን ይዘው ጠቅላይ ግዛቱን ወክለው እንዲጫወቱ ከሁሉም ቡድኖች የተመረጡትን ልጃገረዶች ስም መጥራት ጀመሩ። ሰባተኛዋ የእኛዋ ነበረች። መምህርቷ ስሟን አጣመው ጠሩት፤ ጓደኞቿ ከዳር ሆነው በአንድ ድምፅ አቃኑት። ዓይኗ እንደቀላ ወደ እኛ መጥታ አባቷ ፊት ቆመች። ፈቃድ አልጠየቀችም። «አባዬ፣ ወረቀቱ ኪስህ ውስጥ ነው አይደል?» ብቻ አለች። ለካስ ከሐሙስ ጀምሮ ታውቅ ነበር።

አባትየው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም ቅጹን አውጥተው በጉልበታቸው ላይ ዘረጉትና «እስክሪብቶ ያለው» አሉ። ስሟን በገዛ እጃቸው በላቲን ፊደል ለቅመው ጻፉ፤ ከሥሩም ፈረሙ። ቁጥሩን እኛ ከወረቀቷ ላይ እያነበብንላቸው ሞሉት። አሥራ ሦስቱ ሳጥኖች አለቁ፤ ቁጥሩ ግን አላለቀም። ሕግ አጥኚው ጓደኛችን በሌላ ወረቀት ላይ ማብራሪያ እንጻፍ ሲል «ግዴለም፣ ይትረፍ» አሉት፤ ቀሪውን ከሳጥኑ ውጭ በኅዳጉ ላይ ጻፉት።

ቅጹን ለመምህርቷ ያስረከብነው አብረን ሄደን ነው። ተቀባይነት ያገኝ እንደሆነ ይህን በምንጽፍበት ሰዓት መልስ አልመጣም። ቢመለስ ሕጉን ይዘን አብረናቸው ለመቆም አምስታችንም ተስማምተናል፤ በዚህ ጊዜ ክርክር አላስፈለገንም። የልጅቷን ስም አሁን እናውቀዋለን። እዚህ ያልጻፍነው ረስተነው አይደለም፤ ስሟ በምን ወረቀት ላይ እንደሚወጣ የምትመርጠው እርሷ ስለሆነች ነው።