ከጣቱ ሥር

ላሊበላ ተወልዶ ላደገ ሰው ቱሪስት ምን እንደ ሆነ አይነገረውም። ቱሪስት ማለት አያቴ ቤተ ማርያም ግድግዳ ላይ ግንባራቸውን አስደግፈው ሲጸልዩ ከኋላ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ነው። አያቴ ዘወር ብለው ያዩትና፣ «ምን ጎድሎት ነው ከዚህ ድረስ የመጣ?» ይሉ ነበር።

ታዲያ እኔው ለቋንቋ ትምህርት ቻይና ሄጄ፣ አንድ ቅዳሜ ከቼንግዱ ባቡር ይዤ ሌሻን ወረድኩ፤ ከገደል የተፈለፈለውን ቡድሃ ላይ።

ምን ልበላችሁ! እኔ እንኳ በድንጋይ የምገረም አይመስለኝም ነበር። ቁመቱ 71 ሜትር ነው፤ ተቀምጦ። ቦታው ሦስት ወንዞች የሚገናኙበት ነው። ጀልባው እየሰጠመ ሰው ቢያልቅ፣ ሃይቶንግ የሚባል መነኩሴ ውሃውን እንዲያበርድላቸው ብሎ እ.ኤ.አ. በ713 አስጀመረው። ሹም ለሥራው የተለመነውን ገንዘብ ቢከጅልበት፣ መነኩሴው ዓይኑን አውጥቶ ሰጠው እንጂ ገንዘቡን አልሰጠም ይባላል። ሥራው ያለቀው በ803 ነው። ዘጠና ዓመት! ጀማሪው ፍጻሜውን አላየም።

በገደሉ ጠባብ ደረጃ ተሰልፈን ወረድን። በጠጉሩ መካከልና ከጆሮው ኋላ የዝናብ ውሃ መውረጃ ቦይ ተሰውሮለታል። ይህን ሳውቅ የአገር ሰው ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ፤ የኛዎቹም ጠራቢዎች ለዝናቡ ቦይ ሳያበጁ አልተዉም።

ከእግሩ ሥር ስንደርስ አንዲት አሮጊት እጃቸውን አጣምረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል። ከኋላቸው ያ ግዙፍ ጣት። ስልኬን አወጣሁና ቀጭ አደረግኩ። ሴትዮዋ ዘወር አሉ። አልተቆጡም፤ ብቻ አዩኝ። ኧረ ያን አስተያየት አውቀዋለሁ!

በተማርኳት ቻይንኛ ይቅርታ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ ጸሎታቸው ተመለሱ። ፎቶውን አጠፋሁት፤ ማየታቸውን ግን በምን ላጥፋው?

እ.ኤ.አ. በ2020 ነሐሴ ወንዙ ሞልቶ የቡድሃውን ጣት ነክቶ ነበር። እንግዲህ ድንጋዩ ውሃውን ሁልጊዜ አይመልስም። ሴትዮዋ ይህን ያጡታል ብዬ አላስብም፤ ሆኖም ቆመው ይለምናሉ። እኔ የለካሁት ቁመቱን ነው፤ እሳቸው የመጡት ለሌላ ነገር ነው።

አገሬ ስመለስ አያቴ፣ «ምን አየህ?» አሉኝ።

«ከአለት የተፈለፈለ፣ ሰው የሚጸልይበት።»

«እሱማ እዚህስ መቼ ጠፋ? ታዲያ ምን ጎድሎህ ሄድክ?»

መልሱን እስካሁን አላገኘሁላቸውም።